ካርታ ለምትነድፈው ልጄ፦ ዘጠኝ ምክር

ልጄ ሆይ፣

የላክሽልኝ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ካርታ ረቂቅ ደርሶኛል። ቀለሙ ያምራል፤ መስመሩ ንጹሕ ነው፤ እጅሽ መገራቱ ያስታውቃል። ነገር ግን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «ከአያት ተነሥቼ ቃሊቲ ልሂድ ብል የት ወርጄ የቱን ባቡር እይዛለሁ?» ብዬ ብጠይቀው ቶሎ አልመለሰልኝም። መነጽሬን ሁለቴ ወለወልኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩት እኔ እንዲህ ከተቸገርኩ፣ ትናንት ከደሴ የገባው ልጅ ምን ሊውጠው ነው?

እንደምታውቂው ዕድሜዬን የጨረስኩት ከራፒዶግራፍ ብዕርና ከትሬሲንግ ወረቀት ጋር ነው። ጡረታ ወጥቼ ዋሽንግተን አካባቢ ልጆቼ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ በየባቡር ጣቢያው ካርታ ፊት የሚቆሙ ሰዎችን ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ጣታቸውን መስመሩ ላይ ያስኬዳሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ በዚህ መሐል ባቡሩ መጥቶ ይሄዳል። ከእነሱም፣ ከእኔም ስሕተት፣ ከቀደሙት ነዳፊዎችም የለቀምኩትን በቁጥር አድርጌ ልኬልሻለሁ። የውጭውን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ የእኛን በእኛ።

1. አስቀድመሽ የወያላውን ጥሪ ስሚ

«ፒያሳ በአራት ኪሎ!» ይላል ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። ልብ በዪ፤ መድረሻውን ነገረሽ፣ በየት እንደሚያልፍ ነገረሽ፣ አበቃ። ዳገቱን፣ ኩርባውን፣ የኪሎ ሜትሩን ብዛት አልቆጠረልሽም። መሪው በሹፌሩ እጅ ስለሆነ ያ አንቺን አያገባሽም። የባቡር ተሳፋሪም እንደዚሁ ነው። የሚፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው፦ የቱን ልሳፈር? ወደ የትኛው ጫፍ የሚሄደውን? የት ልቀይር? የት ልውረድ? ወረቀትሽ ላይ ያረፈ ማንኛውም ነጥብና መስመር ከእነዚህ ለአንዱ መልስ ካልሆነ በሌላው መልስ ላይ ተቀምጦበታል ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። በወጣትነቴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ የእንግዳ መምሪያ ካርታ ንደፍ ተባልኩ። ባሕር ዛፉን በቁጥሩ፣ አጥሩን በየምሰሶው፣ የውሃ ቧንቧውን ሳይቀር ሣልኩት። አለቃዬ አድንቆ በሩ ላይ አስለጠፈው። ከሳምንት በኋላ ዘበኛው ጠራኝና «ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ከተለጠፈ ወዲህ መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ» አለኝ። እንግዳው የሚፈልገው የገንዘብ ያዡን ቢሮ ነበር፤ እኔ የሰጠሁት የማወቄን ማስረጃ ነው።

2. ከተማዋን ለማጠፍ አትፍሪ

ለንደን ውስጥ ሃሪ ቤክ የሚባል ሰው ነበር፤ በከርሰ ምድር ባቡሩ የምልክት ክፍል ንድፍ ሠሪ። ከእሱ በፊት የነበሩት ካርታዎች የመሬቱን እውነተኛ አቀማመጥ ስለሚከተሉ መሐል ከተማው ላይ የጣቢያው ስም እርስ በርሱ ይደራረባል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ባዶ ሜዳ ይሆናል። ቤክ በ1931 መስመሮቹን ሁሉ ወይ አግድም፣ ወይ ቁልቁል፣ ወይ 45 ዲግሪ ያዘነበለ አደረጋቸው። መሐሉን ለጠጠ፤ ዳሩን ሰበሰበ፤ በጣቢያና በጣቢያ መካከል ያለውን ክፍተት አቀራረበ። ውጤቱ እጁ ከለመደው የኤሌክትሪክ ንድፍ ጋር ይመሳሰል ነበር። ሲያቀርበው አለቆቹ ከልክ ያለፈ ነው ብለው መለሱት። በዓመቱ 500 ቅጂ ብቻ ለሙከራ ታተመ፤ ሰው ተሻማበት፤ በጥር 1933 በብዛት ወጣ። ዛሬ የምታያቸው የብዙ ከተሞች የባቡር ካርታዎች የዚያ ወረቀት ልጆች ናቸው።

ብዙ ተማሪ ከቤክ የሚወስደው 45 ዲግሪውን ነው። አንቺ ጥያቄውን ውሰጂ። ቤክ ያተረፈው ነገር ስኬልን መጣሉ አይደለም፤ ከመሬት በታች የተቀመጠ ሰው ኩርባውን እንደማያየው፣ ቅደም ተከተሉንና መቀየሪያውን ግን እንደሚፈልግ መረዳቱ ነው። የእኛ ቀላል ባቡር ደግሞ አብዛኛው መንገዱ ከመሬት በላይ ነው። ተሳፋሪው በመስኮት ያያል። ስለዚህ እጠፊ፤ ነገር ግን መስኮቱ «ውሸት ነው» እስኪል ድረስ አታጥፊ።

3. ሰው በልቡ የያዘውን ከተማ አትካጂ

ማሲሞ ቪኜሊ የተባለው ጣሊያናዊ ነዳፊ በ1972 ለኒው ዮርክ ያወጣው ካርታ በነዳፊዎች ዘንድ እስካሁን እንደ ጌጥ ይታያል። የኒው ዮርክ ሰው ግን ተቆጣ። ሴንትራል ፓርክ ርዝመቱ ከወርዱ አምስት እጥፍ የሚሆን መናፈሻ ሲሆን ካርታው ላይ ካሬ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ቀለሙም ግራጫ። ውሃው ደግሞ የአሸዋ መልክ ተቀባ። የመንገዶቹን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ፣ በእግሩም የሚሄድ ሕዝብ «ይኼ የእኔ ከተማ አይደለም» አለ። በ1979 በማይክል ኸርትዝ ድርጅት የተነደፈ፣ መናፈሻና መንገድ ያለበት ካርታ ተተካ። ክርክሩ በዚያ አላበቃም፤ በ2025 ከተማዋ እንደገና ወደ ቪኜሊ መንገድ የሚያዘነብል ካርታ አወጣች።

ለንደንም ይህን ቀምሳለች። በ2009 ካርታው ይቅለል ተብሎ የቴምዝ ወንዝ ቢነሣ ሕዝቡ ጮኸ፤ በወራት ውስጥ ወንዙ ተመለሰ። ባቡሩ ወንዙ ላይ አይሄድም፤ ግን ለንደናዊው ራሱን የሚያገኘው «ከወንዙ ወዲህ፣ ከወንዙ ወዲያ» ብሎ ነው።

የእኛ ቴምዝ የቱ ነው? እንጦጦ ነው እላለሁ። አዲስ አበቤ በሰሜንና ደቡብ አይናገርም፤ «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» ነው የሚለው፤ ላይ ወደ እንጦጦ፣ ታች ወደ ቃሊቲ። ደግነቱ እንጦጦ ሰሜን ላይ ነው። ካርታሽን ሰሜኑን ወደ ላይ አድርገሽ ስትሥዪ የሰውም አፍ፣ የመሬቱም ተዳፋት ካንቺ ጋር ይስማማሉ። አናቱ ላይ አንዲት የተራራ ምልክት ብታሳርፊ ከአሥር ቀስት ትበልጣለች።

ሌላም አለ። ቪኜሊ ያንን ንድፍ ብቻውን እንዲቆም አላሰበውም፤ አጠገቡ እውነተኛ አቀማመጡን የሚያሳይ ካርታ፣ የሰፈር ካርታ፣ በቃላት የተጻፈ መምሪያም እንዲኖሩ ነበር ዕቅዱ። አንድ ወረቀት ሁሉን አይመልስም። ባቡር ውስጥ ያለውና ከጣቢያ ወጥቶ ክሊኒክ የሚፈልገው ሰው ጥያቄያቸው ለየቅል ነው። ከጣቢያ ለሚወጣው የሰፈሩን ካርታ ለይተሽ ሥሪለት፤ ግድግዳ ላይ ስትሰቅዪውም ከሰውዬው ፊት ለፊት ያለው ነገር ወደ ላይ ይሁን እንጂ አንገቱን አታጣምሚው።

4. ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ሲሄድ ሁለት መስመር ሣዪ

ረቂቅሽ የተሰነካከለው እዚህ ላይ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡራችን ሁለት መስመርና 39 ጣቢያ አለው፦ ከአያት ጦር ኃይሎች አረንጓዴው፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ሰማያዊው። ከስታዲየም በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ እስከ ልደታ ያሉትን አምስት ጣቢያዎች ግን ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይጋሯቸዋል። አንቺ ያንን ክፍል አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር አድርገሽዋል። ሜክሲኮ የቆመ ሰው የትኛው ቀለም በዚያ እንደሚያልፍ አያውቅም።

አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ አምስቱንም ጣቢያ አሳልፊያቸው። ያን ጊዜ ሁለት እውነት ያለ ማብራሪያ ይነበባል። ከአያት የመጣና ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄድ ሰው ከአምስቱ በየትኛውም ወርዶ በዚያው አቅጣጫ የሚመጣውን ሰማያዊ ይጠብቃል። ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ግን ስታዲየም ላይ መውረድ አለበት፤ የሚይዘውም ወደ መጣበት በኩል የሚመለሰውን ባቡር ነው። ይህን ካላሳየሽው ልደታ ድረስ ሄዶ፣ አራት ጣቢያ ተመልሶ ያንኑ ስታዲየም ያየዋል።

ኒው ዮርክ የተጣላችበት ጉዳይ ውስጡ ይኸው ነበር። ቪኜሊ ለእያንዳንዱ ባቡር የራሱን መስመር ሰጠ፤ የ1979ኙ ካርታ በአንድ ዋና መንገድ የሚሄዱትን በአንድ ቀለም ጠቀለላቸው። ባቡሩ ሲበዛ መጠቅለል ወረቀቱን ያቀላል፤ ለእኛ ለሁለት መስመር ግን ምክንያት የለውም።

5. ቀለምን ብቻ አትመኚ

ከአውሮፓ ዘር ወንዶች ከመቶ ስምንት ያህሉ ቀይና አረንጓዴን አጥርተው አይለዩም። ካርታሽ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፤ ፀሐይ ያነጣዋል፤ በተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ይታያል። ስለዚህ ቀለም በተናገረው ላይ ሁለተኛ ምስክር ጨምሪ፤ በመስመሩ ጫፍ የመድረሻውን ስም በጉልህ ጻፊ፤ ቁጥር ወይም ፊደል ስጪው። ቶኪዮ በ2004 ለእያንዳንዱ የሜትሮ ጣቢያ የመስመሩን ፊደልና ተራ ቁጥር ሰጠች፤ ጃፓንኛ የማያነብ እንግዳ ቁጥር እየቆጠረ ይወርዳል።

የቀለም ስምም ያሳስታል። ዋሽንግተን መስመሮቿን በቀለም ነው የምትጠራው፤ በ2014 ሲልቨር ላይን ተጨመረ፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። ሐበሻ የሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ያለው በቀዩ መስመር ላይ ነው! ከአገር ቤት ለሚመጣ ዘመድ ሁሉ በስልክ የምደጋግመው ይህንኑ ነው፦ «ሲልቨር ላይን ሲልቨር ስፕሪንግ አያደርስህም፤ ሜትሮ ሴንተር ወርደህ ቀዩን ያዝ።» መስመር ስትሰይሚ ስሙ ከሌላ ስም ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመሽ ፈትሺ።

6. ስም አክብሪ፤ አንዱን ያዢ፤ አትለውጪው

የእኛ ፊደል ለካርታ ነዳፊ የራሱ ፈተና አለው። «ለገሃር» ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የመጣ ቃል ነው፤ አንዱ በ«ሃ»፣ ሌላው በ«ሐ»፣ ሦስተኛው በ«ኀ» ይጽፈዋል። «ሃያ ሁለት»ም እንዲሁ፤ በአኀዝ የሚጽፈውም አለ። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው፤ ስልክ ላይ ለሚፈልግ ግን የተለያየ ቃል ነው። የቱን እንደምትመርጪ አልፈርድብሽም፤ የመረጥሽው ግን በካርታው፣ በጣቢያው ሰሌዳና በቲኬቱ ላይ አንድ ይሁን።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ቅጥሉ ነው፤ «ቡ» እና «ቢ»፣ «ሉ» እና «ሊ» ይቀላቀላሉ። ስለዚህ የሚቀነስ ነገር ካለ ጌጡን ቀንሺ፤ የስሙን መጠን አትንኪ። ስሙን አግድም አስቀምጪ፤ መስመር አይቁረጠው። ከረዘመ «ቅ/እስጢፋኖስ» ማለትን ሕዝቡ ለምዶታል፤ ያልለመደውን ምሕጻረ ቃል ግን አትፍጠሪ። ዋሽንግተን ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሞሉበት ሰፈር አጠገብ ያለው የዩ ስትሪት ጣቢያ ሙሉ ስሙ የጦርነት መታሰቢያና የሰፈር ስም ተጨምሮበት በጣም ረጅም ነው። ካርታው ላይ «ዩ ስትሪት» የሚለው በጉልህ፣ የተቀረው በትንሽ ፊደል ከሥሩ ይጻፋል። ታላቁን ስም ሳያዋርዱ የሚጠራበትን ማስቀደም ይቻላል።

7. ፊደል ላልቆጠረው ሰው ሥዕል ስጪው

ሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮዋን በ1969 ስትከፍት ማንበብ የማይችሉ ብዙ ተሳፋሪዎች እንዳሏት አሰበች። ላንስ ዋይማን የተባለው አሜሪካዊ ነዳፊ ከጓደኞቹ ጋር ለየጣቢያው ምልክት አወጣ። ቻፑልቴፔክ በጥንቱ ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ነውና ምልክቱ ፌንጣ ሆነ። ይኸው ሰው በኋላ በ1976 ሥራ ለጀመረው የዋሽንግተን ሜትሮ ወፍራም መስመር ያለውን ካርታ ነድፏል።

ከሁሉ የሚገርምሽን ልንገርሽ። በዚያች ከተማ በሦስተኛው መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ፋሺስት ጣሊያን በወረረን ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ እኛ ሜክሲኮ አደባባይ አልን፤ እነሱ ኢትዮጵያ አሉ። ዛሬ እዚያ ፊደል የማያውቅ ሽማግሌ «አንበሳው ጋ ልውረድ» ብሎ በአገራችን ስም ይወርዳል።

እኛ ደግሞ ሥዕሉ በስሞቻችን ውስጥ ተቀምጦልናል። አትክልት ተራ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ መስቀል አደባባይ፤ ስሙን ስትጠሪው ሥዕሉ ይመጣል። ከገጠር ልጇን ልትጠይቅ የመጣች እናት ጎመን አይታ ብትወርድ ምን ነውር አለው?

8. ካርታ ሰው ይነዳል፤ ስለዚህ ያስጠይቃል

ሰው ካርታን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ነው የሚያየው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አንድ ተመራማሪ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ የለንደን ተሳፋሪዎች መንገድ ሲመርጡ ካርታው ላይ የሚታየው ርዝመት ትክክለኛው የጉዞ ጊዜ ካለው ተጽዕኖ እጥፍ ያህል እንደሚያሳድርባቸው አሳይተዋል። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን የሚባሉት ጣቢያዎች የሚራራቁት 260 ሜትር ገደማ ነው፤ ካርታው ላይ ግን እንደማንኛውም ሁለት ጣቢያ ስለሚታዩ ሰው ከፍሎ ይሳፈራል። በእግር የሚያስኬደውን ርቀት አጭር የነጠብጣብ መስመር አድርገሽ ከነደቂቃው አሳዪው።

ዝምታም ይዋሻል። በርሊን በግንብ ስትከፈል፣ ሁለት የምዕራቡ የምድር ውስጥ መስመሮች በምሥራቁ ሥር እያለፉ በተዘጉ ጣቢያዎች ሳይቆሙ ይሄዱ ነበር። የምዕራቡ ካርታ ጣቢያዎቹን አሳይቶ «ባቡር አይቆምም» ይላል፤ የምሥራቁ ካርታ ጨርሶ እንደሌሉ አደረጋቸው። አንቺ እንደ መጀመሪያው ሁኚ። የተዘጋ ጣቢያ ካለ ተዘግቷል በዪ፤ ገና ያልተሠራ መስመር ካለ የሚሠራ አስመስለሽ አትሣዪ፤ የወጣበትን ወርና ዓመት ከግርጌው ጻፊ።

9. «ያምራል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ጣታቸውን ተከተዪ

በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ማክስዌል ሮበርትስ ለፓሪስ ሜትሮ ቀጥ ያለ መስመር የሌለበት፣ ሁሉም ጎብጦ የሚፈስ ካርታ ነደፉ። ሰዎችን ሲፈትኑ በጎባጣው ካርታ መንገዳቸውን ከመደበኛው ይልቅ በጣም ቶሎ አገኙ። የትኛውን እንደሚወዱ ሲጠየቁ ግን መውደዳቸውና ፍጥነታቸው አልገጠመም። እንግዲህ ዓይን የሚወደውና እግር የሚጠቅመው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ደግሞም ለፓሪስ መጉበጥ ያዋጣው ለአዲስ አበባ ያዋጣል ማለት አይደለም፤ የሚያውቀው የተፈተነ ብቻ ነው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል። ከመታተሙ በፊት በተራ ወረቀት አውጥተሽ ይዘሽው ውጪ። ስታዲየም ጣቢያ ሂጂ። ለተማሪ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ መነጽር ላደረጉ እናት፣ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ሰው በየተራ ስጪና «ይቅርታ፣ ከዚህ አብነት ለመሄድ የቱን ልያዝ?» በዪ። ከዚያ ዝም በዪ። ይህ ከሁሉ ይከብድሻል፤ ነዳፊ ንድፉን ማስረዳት ይወዳል። አንቺ ግን ከየወረቀቱ ጋር ተለጥፈሽ አትኖሪም። ጣታቸው የት እንደ ቆመ፣ የት ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ፣ ስንት ጊዜ ቀና ብለው ፊትሽን እንዳዩ በማስታወሻ ያዢ። አምስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የአምስቱ ሰው አይደለም።

ይኸው ነው ልጄ። እኔ ዘበኛውን ያገኘሁት ካርታዬ ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ አንቺ ከመለጠፉ በፊት ፈልጊው። ሁለተኛውን ረቂቅ ስትልኪልኝ ምንም ማብራሪያ አትጻፊበት። ከአያት ወደ ቃሊቲ በጣቴ እሄዳለሁ፤ ስታዲየም ላይ ሳልንተባተብ ከታጠፍኩ ደውዬ እመርቅሻለሁ፤ ከተንተባተብኩም እደውላለሁ።

አጎትሽ